ሐተታና አንድም፦ የጎንደር ሊቃውንት ክርክርና ለእኛ የተረፈው ዕዳ

ጎንደርን ለማየት የሄደ ሰው አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው። የፋሲልን ግንብ ያያል፤ የታላቁ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ያያል፤ ከዚያም ወደ ቁስቋም ወጥቶ የእቴጌ ምንትዋብን አዳራሽ ፍርስራሽ ይጎበኛል። ስለ ኖራው፣ ስለ ቅጥሩና ስለ መዋኛው የሚነግረው አስጎብኚ አያጣም። በዚያ ቅጥር ውስጥና ዙሪያ ሰዎች ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ስለ አምላክና ስለ ሰው ባሕርይ ቆመው መከራከራቸውን፣ አንዱ ሌላውን ለመርታት ሌሊት ሲያጠኑ ማደራቸውን፣ አንዳንዶቹም በዚያው ክርክር መሞታቸውን የሚነግረው ግን ጥቂት ነው። ግንብ ይታያል፤ ክርክር አይታይም። ስለዚህም ስለ ጎንደር ስናወራ ስለ ግንበኛው እንጂ ስለ ሊቁ አናወራም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለን። «በአገራችን ፍልስፍና ነበር ወይ?» ተብለን ስንጠየቅ ሁላችንም አንድ መጽሐፍ እንጠራለን፤ የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ። ያ መጽሐፍ እውነተኛ ከሆነ ፈላስፋ አለን፣ ሐሰተኛ ከሆነ የለንም የምንል ይመስላል። የአንድ ሕዝብ የማሰብ ታሪክ በአንድ ብራና ላይ እንዲንጠለጠል መፍቀዳችን ግን ለብራናውም ለሕዝቡም የሚበጅ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምሞክረው ሐተታውን ወደ ሰፈሩ፣ ወደ ጎንደርና አካባቢዋ የክርክር ዓለም መልሼ ማየት ነው። አንባቢ እንዳይደናገር፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

የእንፍራዙ ሰው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ እንፍራዝ የምትባል ከተማ አለች። ከከተማይቱ አጠገብ ባለው ኮረብታ ላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብ ቆሟል። ሐተታው እንደሚተርከው ዘርዐ ያዕቆብ በ1599 አክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወለደ፤ ዜማና ቅኔ፣ የመጻሕፍትንም ትርጓሜ ተማረ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የሃይማኖት ጠብ ሲነሣ ከንጉሡ ዘንድ ተከሰሰና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። ንጉሡ ካለፉ በኋላ ወደ እንፍራዝ መጥቶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆች እያስተማረ ኖረ። ከዚያው ቤት ገረድ የነበረችውን ኂሩትን አገባ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ገረድ ብሎ ሊጠራት አልፈቀደም። በ1667፣ በስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ ያሰበውን ጻፈ።

በዋሻው ውስጥ የጠየቀው ጥያቄ ግልጽ ነው። ካቶሊኩ የእኔ ሃይማኖት እውነት ነው ይላል፤ ግብጻዊው የእኔ ይላል፤ እስላሙና አይሁዳዊውም እንዲሁ። ዳኛ የሚሆነው ማን ነው? መልሱም ፈጣሪ በሰው ልብ ያኖረው የልቡና ብርሃን ነው የሚል ሆነ። በዚህ ብርሃን እየመዘነ የምንኩስናን ሥርዐት፣ ጾምን፣ ብዙ ሚስት ማግባትን፣ ሰውን እንደ እንስሳ መሸጥን ነቀፈ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም በበኩሉ ሌላ ሐተታ ጻፈ፤ የእርሱ በይበልጥ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ሥራና ስለ ጉርብትና የሚመክር ነው።

ጠቡ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፉን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለፈረንሳዊው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ የላከው በቤጌምድር የተቀመጠ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ ነበር። ይህ ሰው ግዕዝና አማርኛ ጠንቅቆ ያወቀ፣ በገዛ ሃይማኖቱም ጥርጣሬ የገባው ሰው ነበር ይባላል፤ በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ሊትማን በ1904 ሐተታውን ሲያሳትም የሐበሻ ድርሰት አድርጎ ተቀበለው። ኮንቲ ሮሲኒ ግን በ1920 ተነሥቶ ደራሲው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ለዚህ ከጠቀሳቸው ምልክቶች አንዱ የሚስዮናዊው የጥምቀት ስም ያዕቆብ መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ካናዳዊው ክሎድ ሳምነር ቃላቱንና አስተሳሰቡን መርምሮ የኢትዮጵያዊ ነው ሲል ሰፊ መከላከያ ጻፈ። የሚገርመው ሳምነር ኢየሱሳዊ መሆኑ ነው፤ ኢየሱሳውያን ያመጡት መከራ የወለደውን መጽሐፍ ከሞት ለማዳን የተነሣው ኢየሱሳዊ ሆነ። ፈረንሳዊቷ አናኢስ ቪዮን በ2013 የኮንቲ ሮሲኒን ወገን አጠናከረች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ ቀድሞ መጽሐፉን ተጠራጥረው ቆይተው፣ በ2017 በታተመ ጽሑፋቸው ሐሳባቸውን ለውጠው፣ መሠረቱ የኢትዮጵያዊው ሊቅ ነው፤ የሚስዮናዊው እጅ ግን ገብቶበታል ወደሚል ፍርድ ደረሱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ይህን ክርክር ለመፍረድ አልተነሣሁም። የምጠይቀው ሌላ ነው። ደራሲው ማንም ይሁን ማን፣ የመጽሐፉ ስም ከየት መጣ? «ሐተታ» በአገራችን የትርጓሜ ጉባኤ ውስጥ የኖረ የሥራ ቃል ነው። መምህሩ ንባቡን በትርጉም አፍታቶ ሲያበቃ፣ ነገሩ ጥያቄ የሚያስነሣ ከሆነ «ሐተታ» ብሎ ይመረምረዋል። እንግዲህ በዋሻ ውስጥ ብቻውን ያሰበ የሚባለው ሰው እንኳ የሥራውን ስም የተዋሰው ከጉባኤ ቤት ነው። ስለዚህ ወደ ጉባኤ ቤቱ እንሂድ።

ጥያቄው እንዴት መጣ

ከጎንደር በፊት ደንቀዝና ጎርጎራ ነበሩ። በ1603 የገባው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከጣና ሰሜን፣ በደምብያ፣ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች በለዘበ አንደበትና በጥልቅ ዕውቀት ማረከ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን በአደባባይ ገለጡ፤ በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ። በ1625 የደረሰው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የፓኤዝ ልዝብነት አልነበረውም፤ ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡም ዳግመኛ እንዲጠመቅ አዘዘ። አገሩ ታወከ። በሰኔ 1632 ወይና ደጋ ላይ ንጉሡ የላስታውን መልክዐ ክርስቶስን ጦር ድል አደረጉ፤ በሜዳው ላይ የወደቀው ግን ስምንት ሺህ ያህል የሚሆን የገዛ ሕዝባቸው ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሃይማኖቱ ወደ ጥንቱ እንዲመለስ አዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ በዚያው ዓመት ዐረፉ።

በዚያ ዘመን የተቃወሙት ባለ ጦሮች ብቻ አልነበሩም። ከመኳንንት ወገን የተወለደችው ወለተ ጴጥሮስ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ ንጉሡን ተከራከረች፤ ተጋዘች፤ በጣና ዙሪያ የሴቶችና የወንዶች ማኅበር መሥርታ አስተዳደረች። በ1642 ያረፈችው የዚህች እናት ገድል ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተጻፈ። ጉባኤ ቤት ወንበር ዘርግታ አላስተማረችም፤ ይሁንና ሴት ከባሏ፣ ዜጋ ከንጉሡ በላይ ለኅሊናው መታዘዝ ይገባዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ በኑሮዋ መለሰችው። ዘርዐ ያዕቆብ በብራና ላይ አለው የሚባለውን እርሷ በእግሯ ሄደችበት።

አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1636 ገደማም ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ሰዎቹ ወጡ እንጂ ጥያቄያቸው አልወጣም። ኢየሱሳውያኑ በክርክር ጊዜ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ነገር ነበር፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ጴጥሮስ፣ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። መለኮትና ሥጋ ፍጹም ተዋሕደው ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገ? የሚቀባ እኮ የጎደለው ነው። ይህን ለመመለስ የተነሡት የአገራችን ሊቃውንት እርስ በርሳቸው ተለያዩ።

ሦስት መልስ

አንደኛው ወገን፣ ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ መቀባት ነው አለ፤ በመቀባቱም የባሕርይ ልጅ ሆነ። ይህ ቅብዐት ተባለ፤ ምሰሶው የኤዎስጣቴዎስ ቤት መነኮሳት፣ አገሩም በይበልጥ ጎጃም ነበር። ሁለተኛው፣ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶው ነው፤ ወልድ ራሱ ቀቢ፣ ራሱ ተቀቢ፣ ራሱ ቅብዕ ነው አለ። ይህ ተዋሕዶ ሲሆን፣ ከሁለት በላይ ያለውን ልደት ቆርጦ ስለሚጥል ተቃዋሚዎቹ «ካራ» አሉት። ሦስተኛው ደግሞ፣ ክርስቶስ በትስብእቱ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅ ተባለ፤ ስለዚህ ከአብና ከድንግል ልደቱ ሌላ ሦስተኛ ልደት አለው አለ። ይህም «ጸጋ» ወይም «ሦስት ልደት» ተባለ፤ በኋለኛው ዘመን በጎንደርና በሸዋ፣ በደብረ ሊባኖስ ሰዎች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ዛሬ ይህን ስንሰማ ፀጉር ስንጠቃ ሊመስለን ይችላል። ትንሽ ቆም ብለን ብናየው ግን ከበስተኋላው የሰው ጥያቄ አለ። ክብር ከወዴት ይመጣል? ከትውልድ ነው ወይስ ከስጦታ? የተዋረደ ነገር ሲከብር ባሕርዩ ይለወጣል ወይስ ስሙ ብቻ? ይህን የሚጠይቁት ሰዎች ንጉሡ በቅብዐ መንግሥት ተቀብቶ በሚነግሥበት ከተማ የሚኖሩ ናቸው። ንጉሥን ንጉሥ የሚያደርገው የሰሎሞን ዘር መሆኑ ነው ወይስ ቅባቱ? ሊቃውንቱ ይህን በግልጽ አነጻጽረው ጽፈዋል እያልሁ አይደለም፤ የእኔ ግምት ነው። ነገር ግን ከ1769 በኋላ በዘመነ መሳፍንት ዘሩም ቅባቱም ያለው ንጉሥ በግንቡ ውስጥ ጦም አዳሪ ሲሆን፣ ዘሩም ቅባቱም የሌለው መስፍን አገር ሲገዛ ያየ ሰው ስለ ቅብዐት የሚሰማው ስብከት ከሰማይ ብቻ የወረደ ሊመስለው አይችልም።

ክርክሩ የሚካሄደው በንጉሡ ፊት ነው። ከየወገኑ አንደበተ ርቱዕ የሆኑት ይመረጣሉ፤ ጳጳሱና እጨጌው ይቀመጣሉ፤ መጻሕፍት ይቀርባሉ፤ በመጨረሻ ነጋሪት ይጎሰምና የረታው ሃይማኖት ይታወጃል። ደካማው ጎኑም ይኸው ነው። ዳኛው ንጉሥ በመሆኑ ሥልጣን በተለወጠ ቁጥር እውነቱም ይለወጣል። አንዱ ንጉሥ ቅብዐትን ሲደግፍ ሌላው ተዋሕዶን ይደግፋል፤ ከፍርዱ ጋር ሹመት፣ ጉልትና የገዳም አለቅነት ይከተላል። በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን፣ በ1721 ገደማ፣ ለቅብዐት ከተፈረደ በኋላ የተቃወሙት የደብረ ሊባኖስ ወገን ካህናትና መነኮሳት በንጉሡ ወታደሮች ተገደሉ። በቃል የተጀመረው በጎራዴ አለቀ። ንጉሡም በዚያው በ1721 ሞቱ፤ ተመርዘው ነው ተባለ።

ጎንደር ታዲያ ሁለት ገጽ ነበራት ማለት ነው። በእጨጌው ሰፈር፣ በእጨጌ ቤት፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ ገብቶ ከተጠጋ ማንም አይነካውም ነበር። ወንጀለኛ ይጠለልባት የነበረች ከተማ ነች እንግዲህ በሐሳብ የተለየውን ያላስጠለለችው።

ላይ ቤትና ታች ቤት

ከአደባባዩ ጫጫታ ራቅ ብሎ ግን ሌላ ዓይነት ክርክር ነበር። ወንበር በዘረጋው መምህር ዙሪያ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ጧት ወይም ማታ አኩፋዳቸውን ይዘው፣ የሰፈሩን ውሻ በበትር እየተከላከሉ፣ ቁራሽ ለምነው የመጡ ናቸው። አንዱ የግዕዙን ንባብ ያነባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጉማል፤ ተማሪው በቃሉ ይይዛል። ትምህርቱ በአራት ጉባኤ የተከፈለ ነው፤ ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። አንዱን ጉባኤ ለመፈጸም ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የዚህ ትምህርት ልብ «አንድም» የምትለው ቃል ናት። እንዴት እንደምትሠራ ለማሳየት ከየትኛውም መጽሐፍ ያልወሰድሁትን፣ ከራሴ የፈጠርሁትን ቀላል ንባብ ላቅርብ። «ሰውዬው በሩን ዘጋ» የሚል ንባብ አለ እንበል። መምህሩ እንዲህ ይላል፤ መሽቷልና ዘጋ። አንድም፣ ሌባ ፈርቶ ዘጋ። አንድም፣ ብቻውን ሊጸልይ ወድዶ ዘጋ። አንድም፣ በር ያለው ልቡን ነው፤ ምክር እንዳይገባው ልቡን ዘጋ። ከዚያ ሐተታው ይከተላል፤ እንግዳ በደጅ ቆሞ ሳለ ምነው ዘጋ ቢሉ፣ እንግዳው መኖሩን አላወቀም ነበርና። አላወቀም ካሉ ምነው ተወቀሰ ቢሉ፣ ሊያውቅ ይገባው ነበርና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን አካሄድ ልብ ብለው ይዩት። «አንድም» የሚለው ሁለተኛው ፍቺ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ አጠገቡ ይቀመጣል። «ቢሉ» የሚለው ደግሞ በጉባኤው የሌለ ተቃዋሚ ነው፤ መምህሩ ራሱ ተቃዋሚውን ይፈጥረዋል፣ አፍ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ይመልስለታል። ተማሪው ለዓመታት በቃሉ የሚያጠናው መልሱን ብቻ ሳይሆን የተቃዋሚውን ጥያቄም ጭምር ነው። በሌላ አገር ይህ የፍልስፍና ትምህርት ቤት ሥራ ይባላል። እኛ የቤተ ክህነት ነገር ነው ብለን አልፈነዋል።

ይህ የትርጓሜ ትምህርት በጎንደር ሁለት ወገን ነበረው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት። ስሙ የመጣው መምህራኑ ከተቀመጡበት ሰፈር ነው፤ አንዱ በከተማዋ ላይኛው፣ ሌላው በታችኛው ወገን። የታች ቤት አባት የሚባሉት በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ናቸው። እንደሚተረከው ቀድሞ የተማሩት ትርጓሜ አላረካቸው ብሎ ወደ ጣና ደሴት ገብተው ለዓመታት መጻሕፍት ሲመረምሩ ቆዩ፤ ተመልሰውም ንባቡን የሚያስማማ፣ የተዝረከረከውን የሚሰበስብ አዲስ አካሄድ አስተማሩ። በሃያኛው መቶ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የታተሙት የአንድምታ መጻሕፍት በአብዛኛው የእርሳቸውን ቤት የተከተሉ ናቸው። እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1980ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች ይህ ትርጓሜ የሶርያንና የግብጽን የቀደሙ አባቶች ትምህርት በውስጡ እንደ ያዘ አሳይቷል። በገዛ አማርኛችን የኖረውን ዓለም አቀፍ ውይይት ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ቆፍሮ አወጣልን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ሊነሣ ይገባዋል። ኢየሱሳውያኑ ትምህርታቸውን በሕዝቡ ቋንቋ ማስፋፋት ሲጀምሩ የአገሩ ሊቃውንትም መልሳቸውን በአማርኛ መስጠት ግድ ሆነባቸው። ግዕዝ የንባብ፣ አማርኛ የማሰቢያ ቋንቋ ሆነ። ባሕርይ፣ አካል፣ ህላዌ፣ ግብር፣ ስም የሚሉት ቃላት በጉባኤ ቤቱ አማርኛ እየተፈተጉ፣ እየተበጠሩ የጠራ ፍቺ ያዙ። ዛሬ «ፍልስፍናን በአማርኛ ማስተማር አይቻልም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ይህ ሰው ታች ቤትን ቢያውቅ ኖሮ እላለሁ።

ከቅጥሩ ውጭ የቀሩት

የጎንደርን ክርክር እያወደስን ብቻ ብናልፍ ግን ግማሹን ታሪክ እንደብቃለን። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1668፣ በጎንደር የተደረገው ጉባኤ ስለ ባሕርይ ብቻ አልተነጋገረም፤ ስለ ጎረቤትም ወሰነ። እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲቀመጡ፣ ቤተ እስራኤልም እንዲሁ እንዲለዩ ታወጀ፤ ከፖርቱጋሎች ዘር የቀሩት ካቶሊኮችም ወይ እንዲመለሱ ወይ ከአገር እንዲወጡ ተባለ። አዋጁ በ1678 እንደ ገና ታደሰ። በከተማዋ ታችኛ ወገን ያለው አዲስ ዓለም የእስላሞች ሰፈር ሆኖ የኖረው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ሲሆን የጎንደር ንግድ በእስላም ነጋዴ እጅ ነበር። ግንቡን ከገነቡት፣ ብረቱን ካቀለጡት፣ ሸማውን ከሠሩት መካከል የቤተ እስራኤል እጀ ጥበበኞች ነበሩበት። ሊቃውንቱ የሰው ልጅ ክብር ከየት እንደሚመጣ በተከራከሩባት ከተማ፣ ግንቡን የሠራው ሰው «ቡዳ» እየተባለ በምሽት ይፈራ ነበር። ሐተታው የሰው ልጆች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው ማለቱ ቀላል አባባል የማይሆነው ከዚህ አዋጅ አጠገብ አስቀምጠን ስናነበው ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታውን ጻፈ የሚባለው በ1667፣ አዋጁ ከመነገሩ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው።

ከቅጥሩ ውጭ የቀሩትም ቢሆኑ ሳያስቡ አልኖሩም። ቤተ እስራኤል በጭልጋ አቅጣጫ፣ በሆሃርዋ፣ የራሳቸው መነኮሳትና መምህራን ነበሯቸው። በ1860 ወደ አገራችን የገባው ሄንሪ ስተርንና ባልንጀሮቹ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን በመካከላቸው መስበክ ሲጀምሩ፣ ካህናቶቻቸው በ1862 አቤቱታቸውን እስከ አፄ ቴዎድሮስ ፊት አድርሰው ስለ እምነታቸው ተከራከሩ። በዚያው ሰሞን አባ ማሕሪ የተባሉት መነኩሴ ወገናቸውን አስከትለው ወደ ተስፋይቱ ምድር በእግር ተነሡ፤ ብዙ ሰው በመንገድ በረኃብና በበሽታ አለቀ። ይህም የሰሜኑ ደጋ የሐሳብ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው፤ ከሐተታው ያነሰ አይደለም።

አዋጅ ሲፈርድ

የሦስቱ ወገኖች ክርክር የቆመው በመረታታት አይደለም። በ1854 ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው አምባ ጫራ ላይ ተዋሕዶን አሳወጁ፤ በዓመቱ በየካቲት በሰሜን፣ በደረስጌ ማርያም፣ ጳጳሱ ቀብተው አነገሧቸው። ክርክሩ ጨርሶ የተቋጨው በ1878 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ነው። አፄ ዮሐንስ ራብዓዊ፣ ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበና ለተዋሕዶ ተፈረደ። በዚያው ጉባኤ የወሎ እስላሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ታወጀ። እንግዲህ አገር አንድ እንዲሆን ሃይማኖቱ አንድ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ከ1622 እስከ 1878 ንጉሥ ሲለወጥ ያልተለወጠ ሐሳብ ነበር ማለት ነው። ሱስንዮስም፣ ዳዊትም፣ ቴዎድሮስም፣ ዮሐንስም ያነሡት መሣሪያ አንድ ነው፤ አዋጅ።

ጎንደር ራሷም ከዚህ መሣሪያ አልዳነችም። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ከተማዋን አስዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቱ ወደ መቅደላ ተጋዙ። እንግሊዞች በ1868 መቅደላን ሲይዙ ከዚያ ካገኙት ብራና ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ለንደን ገባ። በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ገብተው የቀረውን አቃጠሉ። ከእሳቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ንብ አዳነው ይባላል። ብዙው መጽሐፍ ጠፋ፤ ትርጓሜው ግን አልጠፋም። ለምን ቢሉ፣ በብራና ሳይሆን በተማሪው ደረት ውስጥ ተጽፎ ነበርና። ደበሎ ለባሹ ለማኝ የዘረፋ ዕቃ አይደለም። ከጎንደር የተሰደደው መምህር ጎጃምና ሸዋ ወርዶ ወንበሩን ዘረጋ፤ ትምህርቱ ቀጠለ።

የተረፈልን

ከዚህ ሁሉ ወደ መነሻችን ስንመለስ ሁለት ውርስ እናገኛለን። አንዱ የአደባባዩ ነው፤ አንድ ረቺ ብቻ ያለበት፣ የተረታው ወይ የሚታሰርበት ወይ የሚሰደድበት፣ ነጋሪት የሚዘጋው ክርክር። ሌላው የጉባኤ ቤቱ ነው፤ ተቃዋሚን በሌለበት እንኳ አፍ የሚሰጥ፣ ሁለተኛውን ፍቺ ከመጀመሪያው አጠገብ የሚያስቀምጥ። የሚያሳዝነው ሁለቱን ውርስ የሠሩት አንድ ዓይነት ሰዎች መሆናቸው ነው። ጧት በጉባኤ ቤት «አንድም» ሲል የዋለ ሊቅ ማታ በአደባባይ «አንድ ብቻ» ይል ነበር። በንባብ ላይ የፈቀደውን ብዛት በሰው ላይ አልፈቀደም።

እኛ ከሁለቱ የትኛውን ወረስን? የሃያኛውን መቶ ዘመን የፖለቲካ ታሪካችንን ያየ ሰው መልሱን አያጣውም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በተማሪው መካከል የተነሣው ክርክር ቃሉ ሌላ ነበር፤ አደባባዩ ግን ያው አደባባይ ነበር። ሁለት ልደትና ሦስት ልደት ይባል የነበረው በሌላ ስም ተተካ፤ የተረታው ወገን ግን እንደ 1721ዱ መነኮሳት ሞተ። ጉባኤ ቤቱን ኋላ ቀር ነው ብለን ትተን፣ አደባባዩን ሳናውቀው ይዘነው ሄድን።

ስለዚህ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የማን ነው የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ መልካም ነው። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ወጥቷል፤ ገና ብዙ ይጻፍበታል። ነገር ግን ነገ አንድ ሊቅ ተነሥቶ መጽሐፉ የሚስዮናዊው ነው ብሎ ያለ ጥርጥር ቢያስረዳ እንኳ የምናጣው አንድ መጽሐፍ ነው እንጂ የማሰብ ታሪካችንን አይደለም። ያ ታሪክ በላይ ቤትና በታች ቤት፣ በወለተ ጴጥሮስ ስደት፣ በአባ ማሕሪ መንገድ፣ በስም የለሹ ተማሪ ደረት ውስጥ አለ። መጽሐፉ የኢትዮጵያዊው ነው ተብሎ ቢረጋገጥም ሥራችን አያልቅም። ባለቤቱ ታወቀ፤ እሰይ። አንድም፣ ያለውን ልንሰማ ይገባናል።